ወጌሻ የሌለው ሜዳ

ከጨዋታ በፊት ኳሱ መነፋቱን፣ መረቡ መታሰሩን የማይመለከት ዳኛ የለም። «ተጫዋች ቢወድቅ ማን ይደርስለታል?» ብሎ የጠየቀ ግን በሜዳችን እስከ ዛሬ አልሰማንም።

በሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) ዴንማርክ ከፊንላንድ ጋራ በኮፐንሃገን ስትጫወት ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ተዘርሮ ወደቀ፤ ልቡ ቆሞ ነበር። ሐኪሞቹ ደርሰው ደረቱን ተጫኑ፤ የልብን ምት በኤሌክትሪክ በሚመልሰው መሣሪያ፣ በዲፊብሪሌተር፣ አንድ ጊዜ ቢነዝሩት ነፍሱ ተመለሰች። በ2022 እንደ ገና ሜዳ ገባ። እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ሰው ያለ እርዳታ በቆየ ቍጥር የመዳን ተስፋው በየደቂቃው ከመቶ ከ7 እስከ 10 ያህል ይቀንሳል። አምቡላንስ ከከተማ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አንባቢ ራሱ ያስላው።

በኛ ግቢ ወጌሻ ማለት ውሃና በረዶ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ነው፤ እርሱም የሚታየው ለዋንጫ ጨዋታ ብቻ ነው። (በፋኩልቲዎች ውድድርማ ውሃውንም ተጫዋቹ ራሱ ይዞ ይመጣል።) መሣሪያው ውድ ነው የሚሉንን እናምናቸዋለን። ደረት መጫን ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ አምስት ሳንቲሜትር ወደ ታች መጫን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ሙያ ነው።

ስለዚህ የስፖርት ክፍሉን የምንጠይቀው ከሚቀጥለው ውድድር በፊት የየቡድኑ አሠልጣኝና አምበል ይህን ከሕክምና መምህራን እንዲማሩ ነው። መሣሪያው እስኪገዛም፣ ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር የክሊኒኩ በር አይቈለፍ።