የገበያ ነገር፦ «ተሳስቼ ነው» ሲባል

አንዲት እናት ሦስት ሳሙና ገዙ። አንዱ 40 ብር ነው። ባለሱቁ 110 ብር ተቀበለ። እቤት ሳይደርሱ ከኋላ ተጣራ።

«እትዬ! ደምሬ ተሳስቼ ነው፤ 10 ብር ይቀራል።»

እስቲ እንደምር። 40፣ 40 እና 40 ስንት ነው? 120! እውነቱን ነው፤ ከፈሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሒሳብ ስሕተት ይታረም ይላል። 130 ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ እሱ ይመልስ ነበር።

በማግስቱ ደግሞ መጣ። «የአንዱ ዋጋ 45 ነበር» አለ።

ይሄ ሌላ ነው! በ40 ተስማምተዋል፤ ተከፍሏል። ሻጭ ብቻውን ዋጋ አይጨምርም። ተጎዳሁ ካለ ዳኛ ይጠይቅ። ዋጋ እንዲለጠፍ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ያዘዘው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እናት ደረሰኙን ከመቀነታቸው ፈቱ።

«ልጄ፣ አንብበው። አንዱ በ40 ይላል። የጻፍከው አንተ ነህ።»