ለመብራትም ሮቶ

“ሶላር ብናስገባስ?” የሚለው ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በጨለማ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ እያሳሰበ፣ የልጆች የቤት ሥራ በስልክ መብራት እየተሠራ። በማግስቱ ሱቅ ሲኬድ የሚቀርበው “ሙሉ ሶላር” የሚባለው ጥቅል ነው፦ ለጣሪያ ፓኔል፣ ለግድግዳ ኢንቨርተር፣ ከሥሩ ባትሪ። ዋጋውም በአንድ ላይ ይጠራል። ገዢውም በአንድ ላይ ይደነግጣል።

ጥቅሉ መፈታት አለበት ባይ ነኝ። ሦስቱ ዕቃዎች የሚፈቱት ችግር የተለያየ ነው፤ ቆጣሪ ያለው የከተማ ቤት የመጀመሪያ ብሩን ማውጣት ያለበት ለባትሪና ለኢንቨርተር ነው። ፓኔሉ በመጨረሻ የሚመጣ ነው፤ ለብዙ ቤት ደግሞ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል። ሰው የሚያደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ከመንገድ የሚታየው ፓኔሉ ስለሆነ ገንዘቡ ጣሪያ ላይ ይወጣና ለባትሪው የተረፈው ብር ርካሽ የእርሳስ ባትሪ ይገዛበታል።

ከሒሳቡ እንጀምር። ፓኔል ወጪውን የሚመልሰው ለመብራት የምንከፍለውን በመቀነስ ነው። እኛ ደግሞ የምንከፍለው ትንሽ ነው። በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ የጨመረው ታሪፍ እንኳ መጨረሻ ላይ ብዙ ለሚጠቀም ቤት የደረሰው በኪሎዋት ሰዓት 2.48 ብር ነበር። ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ያልበለጠ የሚጠቀም ቤት የሚከፍለው 0.273 ብር ነበር። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ስለሆነ በልግስና እናስላው፤ ኪሎዋት ሰዓቱ 6 ብር ገባ እንበል።

3 ኪሎዋት ፓኔል አዲስ አበባ ላይ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝና ከሚያመነጨው ሩቡ በሙቀት፣ በአቧራና በኢንቨርተር ቢባክን፣ በቀን 11፣ በወር 330 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በ2.48 ብር ሲባዛ በወር 820 ብር ገደማ፣ በ6 ብር ሲባዛ 2 ሺህ ብር ገደማ ነው። ፓኔሉ፣ ኢንቨርተሩ፣ ብረቱና የገጣሚው ዋጋ ባትሪ ሳይጨመር 300 ሺህ ብር ቢሆን፣ በመጀመሪያው ታሪፍ ወጪው የሚመለሰው በ30 ዓመት ነው፤ ፋብሪካዎች ለፓኔል በተለምዶ የሚሰጡት ዋስትና ደግሞ 25 ዓመት ነው። በ6 ብር ቢሰላ እንኳ ከ12 ዓመት በላይ ይወስዳል። ይህም የመነጨው ሁሉ ቤት ውስጥ ካለቀ ነው። አባትና እናት ሥራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሆኑበት እኩለ ቀን ፓኔሉ የሚያመነጨውን ማን ይጠቀመዋል? ትርፉን ለመብራት ኃይል ሸጦ ሒሳቡን የሚያስቀንስ ተራ ቤተሰብ እኔ አላየሁም።

ፓኔል በዓለም ገበያ ረክሷል፤ ይህ እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2024 የቻይና ፋብሪካዎች አንዱን ዋት በ10 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ይሸጡ ነበር። ችግሩ ዕቃው በዶላር የሚገዛ፣ የሚተካው መብራት ግን በብር የሚከፈል መሆኑ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ገባ። የመብራት ታሪፍ በዚያ ፍጥነት አልተከተለውም።

ካሊፎርኒያ ያለ ዘመድ “እኛ ከገጠምን ወዲህ ቢል ረሳን” ሲል ምክሩን በዚህ ሚዛን መስማት ያስፈልጋል። እሱ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ የሚከፍልበት አገር ነው ያለው፤ የእኛ የቀድሞው 2.48 ብር ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ከሁለት ሳንቲም ተኩል በታች ነበር። እዚያም ቢሆን ነገሩ ተለውጧል። ከኤፕሪል 2023 አጋማሽ ወዲህ ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ የሚገጥም ቤት ለሚሸጠው ትርፍ የሚታሰብለት ዋጋ በሦስት አራተኛ ገደማ ስለወረደ፣ ፓኔሉን የሚያዋጣው አብሮት ያለው ባትሪ ሆኗል። የፌዴራል መንግሥቱ ለቤት ባለቤቶች ይሰጥ የነበረው የ30 በመቶ የግብር ቅናሽም በ2025 መጨረሻ አብቅቷል።

የእኛ ጉዳይ ግን ከታሪፍ በላይ ነው። መጠየቅ ያለበት መብራቱ ለምን እንደሚሄድ ነው።

ሁለት ዓይነት መጥፋት አለ። አንደኛው አገር ኃይል ሲያጥራት ነው። ግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲታደል ያየነው ይህን ነው፤ ወደ ሱዳን የሚሸጠውም ኃይል ተቋርጦ ነበር። ሁለተኛው ኃይሉ እያለ ቤት ሳይደርስ ሲቀር ነው፦ ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ሲወድቅ፣ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ሲያርፍ፣ ለሃምሳ ቤት የተዘረጋ መስመር ሁለት መቶ ቤት ሲሸከም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይሁን እንጂ ጉባ ላይ የሚሽከረከር ተርባይን የሰፈራችንን ትራንስፎርመር አይጠግንም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያስመርረን በብዛት ይህ ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱ የምንገዛውን ዕቃ ይወስናል። ደቡብ አፍሪካ ያጋጠማት የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎቿ አርጅተው ለአገሪቱ የሚበቃ ኃይል ማመንጨት አቃታቸው። ሰው መጀመሪያ የገዛው ባትሪና ኢንቨርተር ነበር። ፈረቃው አልፎ መብራት ሲመለስ ያ ሁሉ ባትሪ በአንድ ጊዜ መሙላት ስለሚጀምር ያጠረው ኃይል ይብሱን ያጥር ነበር። ስለዚህ መንግሥት በፈረንጆቹ 2023 ለቤቶች የ25 በመቶ የግብር ማበረታቻ ሲሰጥ፣ እስከ 15 ሺህ ራንድ፣ ለፓኔል ብቻ እንጂ ለባትሪ አላደረገውም። በ2022 መጀመሪያ ከ1 ሺህ ሜጋዋት በታች የነበረው የጣሪያ ፓኔል በ2023 አጋማሽ ከ4 ሺህ ሜጋዋት በላይ ሆኗል። ለእነሱ ትክክል ነበር፤ የጎደላቸው ኃይል ነውና።

እኛ የጎደለን ሰዓት ነው። ኃይሉ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይጠፋና ሌሊት ስምንት ሰዓት ይመጣል። ይህን ደግሞ አዲስ አበቤ ከውኃ ጋር ለዓመታት የኖረበት ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ጥቂት ነው፤ ሌላው ሮቶ ይገዛል፣ በመጣ ቀን ይሞላል፣ በጠፋ ቀን ይቀዳል። ፓኔል ጉድጓዱ ነው፣ ባትሪ ሮቶው።

በዚያ ላይ ክረምት አለ። ነፋስና መብረቅ ሽቦ የሚበጥሰው፣ መብራት በተደጋጋሚ የሚሄደው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሰማዩ ተደፍኖ የሚውለውም ያኔ ነው። ፓኔል በጣም በሚፈለግበት ወር በጣም ትንሽ ይሰጣል። ከመብራት ኃይል የሚሞላ ባትሪ ግን ደመናውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ በመሀል ጥቂት ሰዓት መብራት ካገኘ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። የባትሪ አቅም በአምፔር ሰዓት ብቻ ሲነገር አያሳውቅም፤ በቮልቱ መባዛት አለበት። 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊትየም ባትሪ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ፍሪጅ፣ ስድስት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና ላፕቶፕ አንድ ላይ 250 ዋት ገደማ ቢጎትቱ ከ15 ሰዓት በላይ ያስኬዳቸዋል። ሁለት መቶ አምፔር የሚባለው ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ግን ሲባዛ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከተፈለገ ደግሞ መጠቀም የሚቻለው ግማሹን ብቻ ነው። የእርሳሱ ባትሪ በጥቂት መቶ ጊዜ መሙላትና ማራገፍ ሲደክም ጥሩ ሊትየም ፎስፌት ከ3 ሺህ በላይ ይችላል። መብራት በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢሄድ በዓመት 150 ጊዜ ነው፤ ባትሪው በሥራ ብዛት ከመድከሙ በፊት በዕድሜ ያረጃል።

ምጣዱስ? ፈረንጆች ስለ ቤት ሶላር የሚጽፉት ሁሉ እኛ ቤት ሲደርስ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል፤ የአንድ ሰዓት ጋገራ ያንን ባትሪ ከግማሽ በላይ ይጨርሰዋል፣ ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር ደግሞ ገና ሲሰካ ይዘጋል። “ምጣድ የሚችል ሶላር” ብሎ ማዘዝ የጥቅሉን ዋጋ እጥፍ ያደርገዋል። ግን እኮ ምጣድ ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ትዕግሥተኛው ነው። ሊጡ ቡኮ መብራቱ ሲጠፋ እንደሚያናድድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንጀራ በየሰዓቱ አይጋገርም፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ መብራት ያለበት ሰዓት ተመርጦ። ገጣሚው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት የምጣዱን መስመር ከባትሪው ለይቶ በቀጥታ ከቆጣሪው ጋር መተው ነው። የውኃ ማሞቂያውንም እንዲሁ።

ዋጋውን ደግሞ እንየው። ባትሪና ኢንቨርተሩ ተገጥሞ 250 ሺህ ብር ቢፈጅና 10 ዓመት ቢያገለግል በወር ከ2 ሺህ ብር በላይ ነው። ይህ ገንዘብ ከመብራት ቢል ላይ አይመለስም፤ እንዲያውም ባትሪው ሲሞላና ሲያራግፍ ጥቂት ስለሚያባክን ቢሉ ትንሽ ይጨምራል። የሚመለሰው ከኪሳራ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሊጠይቅ የሚገባው “በወር በመብራት መሄድ 2 ሺህ ብር እናጣለን ወይ?” ብሎ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ፣ ለውጭ ድርጅት በኢንተርኔት የሚሠራ ወጣት፣ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሕመምተኛ ያለበት ቤት መልሱ ግልጽ ነው። ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተኙ ባልና ሚስት ግን ባትሪውም ቅንጦት ነው፤ ሁለት የሚሞላ አምፖልና አንድ ፓወር ባንክ ይበቃቸዋል።

ጄኔሬተር ያለው ሰው ወደ ባትሪ ለመዞር ማመንታት የለበትም። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ይበላል፣ ያውም በደንብ ሲሠራ። ጥቅምት 2017 ላይ 91 ብር ከ14 ሳንቲም የገባው ቤንዚን ከዚያ ወዲህ 100 ብርን አልፏል፤ ስለዚህ ኪሎዋት ሰዓቱ ከ50 ብር በላይ ነው ማለት ነው። ጩኸቱና ነዳጅ ማደያ ላይ የሚፈጀው ወረፋ ሳይቆጠር። (የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ደግሞ ግቢው ውስጥ የቆመው ከዚህ ባትሪ አሥር እጥፍ የሚይዝ መሆኑን ልብ ይበል፤ አንዳንዶቹ ሞዴሎች ለቤት ዕቃ ኃይል የሚያወጡበት ሶኬት አላቸው።)

መስመር ያልደረሰበት ገጠር ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ፓኔል የሚተካው ርካሽ መብራት የለም፤ የሚተካው ኩራዝ፣ ባትሪ ድንጋይና ስልክ ለማስሞላት ገበያ የሚሄድበት መንገድ ነው፣ ይህ ሁሉ በኪሎዋት ሰዓት ሲሰላ ከከተማው እጅግ ውድ ነው። በ2011 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በ2017 ለሁሉም ለማዳረስ ሲያቅድ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ባለ አቅርቦት፣ በዋናነት በሶላር፣ ያሰበው ለዚህ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ ላይ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የጀርመን ፋውንዴሽን ለየቤቱ ትንንሽ ፓኔል ሲያስገጥም የሶላር ቴክኒሺያን ትምህርት ቤትም እዚያው ከፈተ። እኔን የሚገርመኝ ሁለተኛው ውሳኔ ነው። ፓኔሉ ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚሞተው ባትሪው ነው፣ የእርሳስ ከሆነ በሦስት በአራት ዓመት። የሚለውጠው ሰውና የሚለወጥበት ገንዘብ ካልተዘጋጀ ጎጆው ላይ የቀረው ፓኔል ዶሮ ከማስፈር የዘለለ ጥቅም የለውም። ከተማም ይሁን ገጠር ግዢው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ባትሪው ላይ ነው።

ታሪፉ እንደጀመረው ከጨመረ፣ መብራት ኃይልም ትርፍ ኃይል ከየቤቱ በአግባቡ መግዛት ከጀመረ የፓኔሉ ሒሳብ ይለወጣል፤ ለዚህ ሲባል ዛሬ የሚገዛው ኢንቨርተር ፓኔል የሚቀበል ዓይነት ቢሆን ደግ ነው፣ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ቪላ ያለው ሰው በዚህ መልኩ ጣሪያውን ጠብቆ መቆየት ይችላል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያለው ነው የሚቸገረው። ጣሪያው የጋራ ነው፤ ሃያ አባወራ ሳይስማማ ቢስማር አይመታበትም። ባትሪ ግን የጣሪያ ፈቃድ አይፈልግም፣ በረንዳ ላይ ወይም ኮሪደር ጥግ ይቀመጣል። የብሎኩ ኮሚቴ ማሰብ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ መብራት ሲሄድ ውኃ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕም ይቆማል፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ቤት ጨለማና ጥማት በአንድ ላይ ይደርሱበታል። ለፓምፑና ለደረጃው መብራት አንድ የጋራ ባትሪ ቢገዛ ለየቤቱ የሚደርሰው መዋጮ አንድ ሰው ለብቻው ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም። ታዲያ ውኃው ያለ ፓምፕ የሚደርሰው የምድር ቤቱ ነዋሪ እኩል ይክፈል ወይስ ለደረጃው መብራት ብቻ? እኔ እኩል አይክፈል ባይ ነኝ፤ ስብሰባው ላይ ግን ይህን የሚል የምድር ቤት ነዋሪ ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።