የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የበረኛ ድርቅና የኮሌጆች ዝምታ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስም በዜና ሲነሣ የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ግድብ፣ ወርቅ እና ደም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ክልሉ ተጠራ፤ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ እንደገና ተጠራ። በመካከሉ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ ከመቶ በላይ ሰው በአንድ ቀን ሲገደልም ተጠርቷል። ከዚህ ክልል ኳስ ተጫዋች እንደሚወጣ ግን ማን ያስታውሳል?

ለማስታወስ አንድ ስም ይበቃል፤ ሳላዲን ሰዒድ። የዚህ ክልል ልጅ በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በቤልጅየሙ ሊርስ፣ በግብፆቹ ዋዲ ደግላ እና አል አህሊ፣ በአልጄሪያው ኤምሲ አልጀር ተጫውቷል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩይት ላይ ዛምቢያን ስትገጥም፣ የመጀመሪያዋን ፍጹም ቅጣት ምት የመታው እሱ ነበር። የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዌኔ አዳነበት።

ብዙ ሰው ያንን ጨዋታ የሚያስታውሰው በዚያች በሳተች ኳስና በኋላ አዳነ ግርማ ባስቆጠራት የአቻነት ግብ ነው። የጨዋታው ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ቦታ፣ በሁለቱ ግቦች ቋሚዎች መካከል ነበር። በአንዱ በኩል ምዌኔ ቆሟል። በሌላው በኩል ጀማል ጣሰው ከግቡ ወጥቶ ከዛምቢያው ቺሳምባ ሉንጉ ጋር ተጋጨና በቃሬዛ እየወጣ ቀይ ካርድ ተሰጠው። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ጥር 21፣ በናይጄሪያው ጨዋታ ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለነበር ጓንቱን ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ሕንፃ ነው። ቪክቶር ሞሰስ ፍጹም ቅጣት ምቱን መታ፤ ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች።

ሦስት ጨዋታ፣ ሁለት ቀይ ካርድ ለበረኛ፣ በመጨረሻም ግቡ ላይ የቆመ አማካይ። ይህ ዕድል አይደለም። ዕድል አንድ ጊዜ ይከሰታል። ይህ በረኛን የማሠልጠን ሥርዓት የሌላት ሀገር ውጤት ነው።

ከዚያ ወዲህ ምን ተደረገ? የተደረገው ቀላሉ ነገር ነው፤ በረኛ ከውጭ መግዛት። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫ ሲያነሣ ግቡ ላይ ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነበር። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ሲያሸንፍ የኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፕ ኦቮኖ ነበር። በ2012 ኮሮና ሊጉን አቋረጠው። በ2013 ፋሲል ከነማ ሲነግሥ ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነበር። በ2014 እና በ2015 ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫውን ሲመልስ ዩጋንዳዊው ቻርለስ ሉኩዋጎ በቡድኑ ውስጥ ነበር። ከእነሱ በፊት ደግሞ የሉኩዋጎ የሀገር ልጅ ሮበርት ኦዶንካራ በዚያው ክለብ ዓመታት ተቀምጦ ዋንጫ ደጋግሞ አንሥቷል።

እነዚህ ሰዎች ምንም ጥፋት የለባቸውም። ሠልጥነው መጡ፣ ሠሩ፣ ክብር ይገባቸዋል። ጥፋቱ የገዢው ነው። የሊጉ ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር፣ ከክልል ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብ በጀት ነው። የሕዝብ ገንዘብ ለአንድ የውጭ በረኛ ፊርማና ደመወዝ ሲወጣ፣ ለአንድ የበረኛ አሠልጣኝ ግን «በጀት የለም» ሲባል፣ ችግሩ የገንዘብ ሳይሆን የሐሳብ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት ለአሶሳ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ወርቅ በእግሩ ሥር እያለ ለሰው ሲወጣ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ እሱ ያውቃል።

አንዳንዱ «መፍትሔው የውጭ በረኛን ማገድ ነው» ይላል። ይህም ያው ስንፍና ነው፤ ልብሱን ብቻ ለውጧል። በር መዝጋት በረኛ አይወልድም። የውጩ ቢታገድ ያልሠለጠነው ልጅ ግብ ላይ ይቆማል፤ አምስት ግብ ይገባበታል፤ ደጋፊው ይሰድበዋል፤ በሁለተኛው ዓመት ከእግር ኳስ ይወጣል። ከዚያ «የሀገር ልጅ አይሆንም» ይባላል። ማንም ሳያስተምረው ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ ወደቀ ብሎ መፍረድ እንዲህ ነው።

በረኛ የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የአንድ በረኛን ጉዞ ከመጀመሪያው መከተል ይበቃል።

አንድ የአሶሳ ወይም የባምባሲ ልጅ እንበል። በሠፈር ኳስ ሲከፋፈሉ ግብ ላይ የሚቆመው መሮጥ የማይችል የተባለው ወይም ትንሹ ነው። ልጁ ግን ወደደው። ትምህርት ቤት ውስጥ ቆመ፤ ደፋር ነው፣ እጁ ጥሩ ነው። የስፖርት መምህሩ እንዴት እንደሚሮጥና እንዴት ኳስ እንደሚመታ ያሳየዋል፤ እንዴት እንደሚወድቅ ግን የሚያሳየው የለም። በክርኑ ይወድቃል፣ በወገቡ ይወድቃል፣ ደረቅ መሬት ላይ ይወድቃል። በ17 ዓመቱ ትከሻው ያመዋል። ቢታደል ታችኛው ሊግ ላይ አንድ ክለብ ይወስደዋል። እዚያ ያለው የበረኛ ልምምድ ዋናው ቡድን ሲሠራ ጥግ ላይ ቆሞ ኳስ መቀበል ነው። ዋናው ሊግ ከደረሰ ተጠባባቂ ወንበር ላይ፣ ከሀገሩ በመጣ ልምድ ካለው ሰው ጀርባ ይቀመጣል። 34 ዓመት ሲሞላው ውሉ አይታደስም።

የጉዞው ክፉ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሰው አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በሥጋው የከፈለበትን እውቀት ይዞ ወደ አሶሳ ይመለሳል። መቼ ከግብ መውጣት፣ መቼ መቅረት እንዳለበት ያውቃል። ጀማል ጣሰው በዚያ ቀን ለምን እንደተጋጨ ከማንኛውም ተንታኝ በላይ ይገባዋል። ይህንን እውቀት ለማን ያስተምር? ክለብ የለውም። ትምህርት ቤት አይቀጥረውም፤ ዲፕሎማ የለውም። ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት የሚጠይቀው ዲግሪና ውጤት ነው፤ የተጫወተበትን ዓመት የሚቆጥርለት መስፈርት የለም። ስለዚህ ባጃጅ ይነዳል፣ ሱቅ ይከፍታል ወይም ወደ ወርቅ ቁፋሮው ይሄዳል። እውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ቀጣዩ ልጅ እንደገና በክርኑ መውደቅ ይጀምራል።

ይህ ሰንሰለት የሚበጠሰው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በኮሌጅ።

«ኮሌጅ ለትምህርት ነው፣ ለኳስ አይደለም» የሚል ካለ የሌላውን ሀገር ይመልከት። ሆፕ ሶሎ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥቂ ነበረች። በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የበረኞችን ሥራ የያዘችው ኤሚ ግሪፊን ነበረች፤ በ1991 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሴቶች ዓለም ዋንጫ ባሸነፈው የአሜሪካ ቡድን ውስጥ በረኛ የነበረች ሴት። ጓንቷን ሰቅላ ኮሌጅ ገባች፤ እዚያም ከሃያ ዓመት በላይ በረኛ አሠለጠነች። ሶሎ ከዚያ ኮሌጅ ወጥታ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅና የ2015ቱን ዓለም ዋንጫ ወሰደች። በወንዶቹም ያው ነው፤ ኬሲ ኬለር ከፖርትላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ማት ተርነር ከፌርፊልድ ዩኒቨርሲቲ ወጡ። ከዩሲኤልኤ የወጣው ብራድ ፍሪደል በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 310 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተሰልፏል። አሜሪካ በወንዶች እግር ኳስ ለዓለም ያበረከተችው ትልቁ ነገር በረኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የተሠሩትም ኮሌጅ ውስጥ ነው።

«አሜሪካ ሀብታም ናት» ይባላል። እሺ፣ ወደ አፍሪካ እንመለስ። የሳላዲንን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነው ምዌኔ ጓንቱን ሲሰቅል ክለቡ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁን» አላለውም። በአሠልጣኝነት አስቀረው። ልዩነቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ያለህን ሰው ማወቅ ነው።

በረኛ ደግሞ ለአሠልጣኝነት የሚመች ሰው ነው። ሜዳውን በሙሉ ፊት ለፊቱ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ዲኖ ዞፍ በ40 ዓመቱ የዓለም ዋንጫ አነሣ፤ በኋላም ጣልያንን አሠልጥኖ በ2000 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ አደረሰ። በ1993 እ.ኤ.አ. ማርሴይን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው ሬይሞን ጉታልስ በረኛ ነበር።

አሶሳ ውስጥ ይህንን ለመጀመር ምን ይጎድላል? አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከሦስተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። መተከል ውስጥ የግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 784,345 ሕዝብ የነበረው ክልል ዛሬ አብዛኛው ወጣት ነው። የሚጎድለው አንድ የሥራ መደብ ነው። መጠሪያው «የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ» ይሁን። መስፈርቱም የዲግሪ ውጤት ሳይሆን የተጫወተበት ዓመትና የካፍ ፈቃድ ይሁን። ዲግሪውን እየሠራ በማታ ይማረው።

ይህ ሰው ሰኞና ረቡዕ የኮሌጁን ቡድን ያሠለጥናል። ቅዳሜ የከተማውን ልጆች ሜዳ ላይ ሰብስቦ በመጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ያስተምራል፤ ሳይጎዱ መውደቅን። በመምህራን ኮሌጁ ደግሞ ነገ ወደ ማንዱራ፣ ወደ ካማሺ፣ ወደ ሸርቆሌ የሚመደበው የስፖርት መምህር ይህንኑ ይዞ ይሄዳል። በአምስት ዓመት ውስጥ በየወረዳው እንዴት እንደሚወደቅ የሚያውቅ አንድ መምህር ይኖራል። ለዚህ የሚወጣው ለአንድ የውጭ በረኛ ከሚከፈለው ያነሰ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። «ክልሉ ተፈናቃይ አለበት፣ መንገድ የለውም፣ ሰው ሞቶበታል፤ ስለ በረኛ ይወራል?» ይባላል። ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ግን ጥያቄው ወጣቱ ቅዳሜ ከሰዓት የት ይዋል የሚለውንም ይጨምራል። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ አማራውና ኦሮሞው ልጅ በአንድ ማደሪያ የሚያድሩት ኮሌጅ ውስጥ ነው። ኳስ ሰላም ያመጣል ብሎ መስበክ ውሸት ነው፤ ያመጣ ቢሆን ስታዲየሞች ድንጋይ ባልተወረወረባቸው ነበር። እውነቱ ከዚያ ያነሰና የሚጨበጥ ነው። በረኛ ከፊቱ ካሉት አራት ተከላካዮች ጋር ሳይነጋገር ግቡን ማስጠበቅ አይችልም። ስማቸውን ማወቅ፣ መጥራት፣ መታዘዝና ማዘዝ ግዴታው ነው። ይህንን በየሳምንቱ የሚያሠራ ሰው ደመወዝ ቢከፈለው ብክነት አይደለም።

ጥር 13 ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ልዩ ቀን ናት። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅ 4 ለ 2 ተሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫ እዚህ የቀረው በዚያች ቀን ነው። ሉቻኖ ቫሳሎን፣ ኢታሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን የማያውቅ የለም። በዚያ ቀን ግቡ ላይ የቆመው ጊላሚካኤል ተክለማርያም መሆኑን የሚመልስ ግን ስንት ነው? ከ51 ዓመት በኋላ በዚያችው ቀን በረኛው በቃሬዛ ወጣ። በመካከሉ ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት በረኛን መርሳት እንዴት እንደሚከፈል ያሳያል።

የዩኒቨርሲቲ ቦርዶች፣ የክልሉ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ፣ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ፤ ሦስቱም በሚቀጥለው በጀት ዓመት አንድ መደብ መክፈት ይችላሉ። የሚቀጠረው ሰው ሩቅ አይደለም። ምናልባት አሁን አሶሳ ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው።