ለመልሱ ከፈላችሁ፤ ለሰዓቱስ?

«ቤትህ ቁጭ ብለህ መጠይቅ እየሞላህ ዶላር ሥራ» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ያላየ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ሶፍትዌር ስለምሠራ ታናናሾቼ ሊንኩን እየላኩ «ይሄ ነገር የምር ነው?» ይሉኛል። የምር ነው። ኩባንያዎች ለሸማቾች አስተያየት ይከፍላሉ፣ ደግሞም ያተርፉበታል። የማልዋጠው «ሁለቱም ወገን እኩል ይጠቀማል» የምትለዋን ነው።

ከኩባንያው ጥቅም እንጀምር። ሳሙና አምራቹ አዲስ ሽታ ከማውጣቱ በፊት ሺህ ሰው ቢጠይቅ፣ የማይሸጥ ሳሙና መጋዘን ሙሉ ከማምረት ይድናል። ግን የጠያቂው ብልሃትና የመላሹ እውነተኝነት ከሌሉ ብዛት ብቻውን ምንም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1985 ኮካ ኮላ አዲስ ቅምሙን ወደ 200,000 ለሚጠጋ ሰው አስቀምሶ ነበር። ብዙዎቹ አዲሱን መረጡ። ነባሩ ከገበያ ሲወጣ ግን ሕዝቡ ተቆጣና በ79 ቀን ውስጥ አሮጌው ተመለሰ። «የለመዳችሁትን ብናነሳባችሁስ?» የሚለው ጥያቄ በሚገባ አልተጠየቀም ነበር። ስለዚህ ኩባንያው የሚገዛው ክሊክ አይደለም፤ ትክክለኛው ሰው ለትክክለኛው ጥያቄ ከልቡ የሰጠውን መልስ ነው። ውድ ዕቃ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ውድ ዕቃ የሚሸጠው ሰው ምን ያገኛል? በኩባንያውና በመላሹ መካከል መላሾችን ሰብስቦ የሚያቀርብ ደላላ አለ። መጠይቁ የሚጀምረው በማጣሪያ ነው፦ ዕድሜህ ስንት ነው? የት ትኖራለህ? ገቢህስ? ልጅ አለህ? ከዚያ «ይቅርታ፣ ለዚህ ጥናት ብቁ አይደሉም» ይልሃል። በኮድ ዓይን ካየነው ተራ የ«ኢፍ» ትእዛዝ ነው። መረጃህን ከሰጠህ በኋላ ግን የምታገኘው ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው።

እስቲ እናስላው። «15 ደቂቃ፣ 1 ዶላር» የሚል መጠይቅ በሰዓት 4 ዶላር ይመስላል። እሱን ከማግኘትህ በፊት ሦስት ቦታ አምስት አምስት ደቂቃ ጠይቀው ቢያባርሩህ፣ ለ1 ዶላር የሠራኸው ግማሽ ሰዓት ነው። ሂሳቡ ወደ 2 ዶላር ወረደ። የማውጫው ጣሪያ እስኪሞላ ደግሞ ገንዘቡ ስክሪን ላይ ነው ያለው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ማን አስገደደህ? በትርፍ ጊዜህ ነው» የሚሉ አሉ። ፈቃደኝነት ግን ዋጋውን አውቆ መግባት ነው። አንድ አሠሪ የቀን ሠራተኛ ጠርቶ፣ ግማሽ ቀን ድንጋይ ካሸከመ በኋላ «የምፈልገው ረጅም ሰው ነበር» ብሎ ባዶ እጁን ቢሸኘው ሰፈሩ ዝም ይላል? እዚህ ግን «ሲስተሙ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሲስተም የሚጽፈው ሰው ነው፤ እኔም ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ለማጣሪያው ደቂቃ እንዲከፈል ማድረግ ኮዱ ላይ ከባድ ነገር አይደለም።

ደግሞ ጉዳቱ ለመላሹ ብቻ አይደለም። እውነት ተናግሮ የተባረረ ሰው በሚቀጥለው መዋሸት ይማራል። መኪና አለህ? አዎ። ሕፃን ልጅ? ሁለት! ከዚያ አልፎ ቪፒኤን ከፍቶ የቴክሳስ ነዋሪ መሆን ይመጣል፤ ከዚያም አካውንቱ ሲታገድ የተጠራቀመው ሁሉ አብሮ ይቀራል። ይሄ ማጭበርበር ነው፣ አልደግፈውም። ግን መንገዱን የጠረገው አከፋፈሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ዐቃቤ ሕግ ለገበያ ጥናት የውሸት የመጠይቅ መልስ ሸጠዋል ብሎ 8 ሰዎችን ከሷል፤ በክሱ የተጠቀሰው ገንዘብ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። ደላላው ለእውነት ሳይሆን ለተሞላ ቅጽ ብቻ ሲከፈለው፣ ገዢውም ቆሻሻ ይገዛል።

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉኝ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው ፕሮሊፊክ ተመራማሪዎች የሚከፍሉትን በሰዓት አስልቶ ዝቅተኛ ወለል አስቀምጧል፦ 6 ፓውንድ። ሀብት አያደርግም፤ ግን ሰዓት ዋጋ እንዳለው ያምናል።

ስለዚህ ጠያቂዎች ሆይ፣ ሦስት ነገር፦ ክፍያውን በሰዓት አስልታችሁ ከመጀመሪያው ንገሩን። ማጣሪያ ላይ ለሚባረረውም ለደቂቃው ክፈሉ። የሠራነውን ገንዘብ በጣሪያ አታስሩብን።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ፣ ለአንድ ሳምንት የፈጀባችሁን ደቂቃ ሁሉ፣ የተባረራችሁበትንም ጨምራችሁ፣ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። እጃችሁ የገባውን ብር ለሰዓቱ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ከተስማማችሁ ቀጥሉ፤ ካልተስማማችሁ ያንን ሰዓት ሙያ ለመማር አውሉት። «አካውንት እንሸጣለን» ለሚላችሁ ግን አንዲት ብር አትክፈሉ።