ትራፊክ ሲታይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ

ግልጽ ደብዳቤ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በየቀኑ በታክሲ ጋቢና ሆኜ ስለማየው ነገር ነው። ሾፌሩ አደባባይ ላይ ትራፊክ ፖሊስ መቆሙን ገና ከሩቅ ያውቃል። ቀበቶውን ስቦ በደረቱ ላይ ያሳልፈዋል፤ አይቆልፈውም፣ ጫፉን ጭኑ ሥር ወትፎ ያልፋል። ጋቢና የተቀመጠውንም ሰው «ለስሙ ያዝ አድርጋት» ይለዋል። አደባባዩን እንዳለፉ ሁለቱም ይለቁታል።

ሕግ አልጎደለንም። ቀበቶ ማሰርን የሚያዝ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሾፌሩ ግን የሚፈራው ቅጣቱን እንጂ ግጭቱን አይደለም። ስለዚህ ተቆጣጣሪ በሌለበት፣ ማታና ከከተማ ወጣ ሲባል፣ መኪናው ይበልጥ በሚፈጥንበት ቦታ ቀበቶው ይፈታል።

ለምን እንደማያስሩ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፦ «ቅርብ ነው የምሄደው»፣ «በዚህ መጨናነቅ ምን ፍጥነት አለና?»፣ «መኪናው ቢቃጠል በምን እወጣለሁ?» ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ መኪና እንኳ ከግንብ ጋር ሲላተም፣ ያልታሰረ ሰው በዚያው ፍጥነት ወደ መሪውና ወደ መስታወቱ ይወረወራል። ምቱ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ከመውደቅ አይተናነስም። እሳት የሚነሳበት ግጭት ጥቂት ነው፤ ቢነሳም በሩን ከፍቶ የሚወጣው ራሱን ያልሳተ ሰው ነው። ቀበቶ ከፊት የተቀመጡ ሰዎችን የመሞት ዕድል በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ አስታውቋል።

ልማዱን ብቻ ግን አንውቀስ። ልሰር ያለውም የሚያስረው ያጣል። መቆለፊያው የተሰበረ፣ ሲስቡት የማይመጣ ቀበቶ ያለባቸው ሚኒባሶች ብዙ ናቸው። የኋላው ቀበቶ የወንበር ልብስ ሲገባ ከሥር ተቀብሯል፤ ወይም ወንበር ሲጨመር ጨርሶ ተነቅሏል። የሚሠራውም በአቧራና በቅባት ስለጠቆረ ነጭ የለበሰ ሰው አይነካውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ የእያንዳንዱ ወንበር ቀበቶ ተስቦና ተቆልፎ ይታይ፤ የማይሠራ ቀበቶ ያለው መኪና ሳያስጠግን ቦሎ አይሰጠው።

ሁለተኛ፣ ከፖሊስ ጋር ተነጋግራችሁ ቁጥጥሩን ከአደባባይ አውጡት። ማታና በአገር አቋራጭ መንገዶች ላይም ይኑር፤ መቆለፉም ይረጋገጥ፣ የኋላ ተሳፋሪዎችም ይታዩ።

ሦስተኛ፣ በማሽከርከር ማሠልጠኛ ተቋማት ትምህርቱ «እሰሩ» በማለት አይብቃ። ሲጋጩ ሰውነት ላይ የሚደርሰውን ሠልጣኙ ጠንቅቆ ይወቅ፤ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ምክንያቱንም ይዞ ይውጣ።

ሦስቱም ጊዜ እንደሚፈልጉ እረዳለሁ። የመጀመሪያው ግን አዲስ አዋጅ አይጠብቅም፤ መርማሪው እጁን ዘርግቶ ቀበቶውን እንዲስብ ማዘዝ ብቻ ነው። በሚቀጥለው የምርመራ ወቅት እንድትጀምሩት፣ መጀመራችሁንም ለሕዝብ እንድታሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር የታክሲ ተሳፋሪ
አዲስ አበባ