የጎዳና መስፋትና የመኪና ነጂዎች ጠባይ

በባሕር ዳር ፔዳ በሚባለው ሰፈር፥ ቀድሞ የመምህራን ኮሌጅ በነበረው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ፥ ተማሪውም ገበያተኛውም ባለ ባጃጁም በአንድ ጎዳና ይተላለፋሉ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ የከተማይቱን መሸጋገሪያ አስፍቶታል። ይሁን እንጂ መንገድ ሰፍቶ የነጂው ልብ ከጠበበ ጥቅሙ ጐደሎ ነው።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የተያዘ መኪና እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እግረኛን የሚያድነው አስቀድሞ መታገሥ እንጂ በመጨረሻ መደንገጥ አይደለም።

ለዚህም የፖሊስ ቅጣት ብቻውን አይበቃም። የመንግሥት መኪና ለእግረኛ ቢቆም ሌላው ይከተለዋል፤ የንስሐ አባቶችም በችኮላ ነፍስ ማጥፋት በደል መሆኑን ነጂ ለሆኑት ልጆቻቸው ሊመክሩ ይገባል።