ተራራ ብቻውን ሯጭ አይወልድም



አንድ ወጣት ሯጭ ከባሕር ማዶ ሜዳልያ አጥልቆ በተመለሰ ቁጥር የምንደጋግመው ተረት አለ። «የደጋ ልጅ ነው፤ በሳሳ አየር፣ በባዶ እግሩ፣ ትምህርት ቤት በሩጫ እየተመላለሰ ስላደገ ነው ያሸነፈው» እንላለን። ይህ አነጋገር ለጆሮ ይጥማል። ለሹምም ይመቻል፤ ድልን የሚያመጣው ተራራ ከሆነ ከሹሙ የሚጠበቅ ነገር የለምና። እኔ ግን ይህ ተረት የስሜንን ልጅ ምን ያህል እንደ በደለው ለማስረዳት ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ከሃያ ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች የሚገናኙበት የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በ1978 ዓ.ም. በአቴና ተጀመረ። ደራርቱ ቱሉ በ1982 ዓ.ም. በቡልጋሪያ ከተማ በፕሎቭዲቭ በ10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ሁለት ዓመት ቆይታ በዚያው ርቀት የባርሴሎናን የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1985 ዓ.ም. በሴኡል በ5,000ም በ10,000ም ሜትር አንደኛ ወጣ። በቅርቡም በ2014 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ከተማ በካሊ መዲና ኢሳ በ5,000 ሜትር፣ ብርቄ ኃየሎም በ1,500 ሜትር፣ ሰምቦ አለማየሁ በ3,000 ሜትር መሰናክል ወርቅ አገኙ፤ መዲና በ2016 ዓ.ም. በሊማ ድሏን ደገመችው። እንግዲህ ይህ ውድድር የልጆች ጨዋታ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። የታላቁ ስም በር ነው። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማነው? ጥያቄው ይህ ነው።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአርሲ ያለችው በቆጂም እንዲሁ። ሁለቱም ገብስ ያበቅላሉ፤ ሁለቱም ብርድ ያውቃሉ፤ በሁለቱም የገበሬ ልጅ ከብት ይጠብቃል፤ ውኃ ይቀዳል፤ ዳገት ይወጣል። ይሁን እንጂ ከበቆጂና ከአካባቢዋ ደራርቱ ወጣች፣ ቀነኒሳ በቀለ ወጣ፣ ጥሩነሽ ዲባባና እኅቷ ገንዘቤ ወጡ። በደባርቅና በዳባት ስም የሚጠራ እንዲህ ያለ ሰልፍ እስከ ዛሬ አልሰማንም። ከፍታው እኩል ሆኖ ሳለ ፍሬው እኩል ካልሆነ ምክንያቱን ከከፍታው ሌላ መፈለግ ግድ ነው።

ምክንያቱ በቆጂ ውስጥ ስም አለው። ሥንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር በማለዳ ተነሥተው ልጆችን ሰብስበው ማሠልጠን ያዙ። ለዓመታት ሳያቋርጡ ቀጠሉበት። ከእርሳቸው እጅ የወጣው ልጅ ክለብ አገኘ፤ ከክለቡ ወደ ብሔራዊ ቡድን ተሻገረ። የጎረቤታችንን የኬንያንም ብናይ ታሪኩ ይኸው ነው። ኮልም ኦኮነል የተባሉ የአየርላንድ ሰው በ1968 ዓ.ም. ኢቴን በምትባል የተራራ ከተማ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ለማስተማር መጡ። ከዚያ ትምህርት ቤት ፒተር ሮኖ ወጥቶ በሴኡል ኦሎምፒክ በ1,500 ሜትር አሸነፈ፤ የ800 ሜትሩን ባለ ክብረ ወሰን ዴቪድ ሩዲሻንም ያሠለጠኑት እኒሁ ሰው ናቸው። ተራራው ግን እርሳቸው ከመምጣታቸው በፊትም እዚያው ነበረ።

«ቢሆንም ከፍታው ይረዳል» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አልክድም። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ ይህም ለሯጭ ትልቅ ስንቅ ነው። ነገር ግን ስንቅ ብቻውን መንገደኛን አያደርስም። የቦሊቪያዋ ላፓዝ ከደባርቅ ይልቅ ከፍ ያለች ናት፤ በኔፓልም ከእኛ የበለጠ ከፍታ ላይ የሚኖር ሕዝብ አለ። የረጅም ርቀትን ሩጫ ግን ቦሊቪያም ኔፓልም አልገዙትም።

አሁን ወደ ስሜን ግርጌ እንመለስ። ከሊማሊሞ በታች ካለው ቆላ ሸክም ይዞ ደባርቅ ገበያ የሚወጣውን ልጅ እናስበው። በ2008 ዓ.ም. ከብሔራዊ ፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩትን የግጭ መንደር ቤተ ሰቦችም እናስብ፤ ልጆቻቸው ከ3,000 ሜትር በላይ ተወልደው ያደጉ ናቸው። «በቁመቱ» ብቻ የሚፈረድ ቢሆን ኖሮ ዓለምን የሚቀድሙት እነዚህ ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች የጎደላቸው እግር አይደለም። ሰዓት ይዞ የሚቆምላቸው ሰው፣ የተለካ 400 ሜትር መም፣ ከአንዱ ውድድር ወደሚቀጥለው የሚያሻግር ደረጃ ነው የጎደላቸው።

ደግሞ ሰላም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ከእኛ ብዙም በማይርቀው በናይሮቢ ተደረገ። ታደሰ ወርቁ በ3,000 ሜትር፣ ምዛን ዓለም በ5,000 ሜትር፣ አያል ዳኛቸው በ800 ሜትር ወርቅ ይዘው ተመለሱ። በዚያው ወር ጦርነቱ ከአዲ አርቃይ በኩል ወደ ስሜን ግርጌ ገፍቶ፣ ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ስለዚህ የአንድ አገር የአንድ ዕድሜ ልጆች፣ አንዱ መም ላይ ሲሮጥ ሌላው ነፍሱን ለማዳን ሮጠ። ከተከዜ ማዶም ያለው ወጣት ያው ዕጣ ደርሶታል። ሁለት ጊዜ የዓለም ወጣቶች አገር አቋራጭ ሻምፒዮን የነበረችው ለተሰንበት ግደይ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በኦሬገን የ10,000 ሜትር የዓለም አሸናፊ ስትሆን፣ የተወለደችባት ትግራይ ስልኳ ተቋርጦ ነበር። ልጅ የሚሮጥበትን ሜዳ ለወታደር ከለቀቅን በኋላ «ሯጭ የት ጠፋ?» ማለት አይገባንም።

ሌላም ነገር አለ፤ ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይደለም። ወጣቱ በዚህ ሻምፒዮና ለመሰለፍ በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ዕድሜው ከ16 ያላነሰ፣ ከ20 በታች የሆነ መሆን አለበት። በስሜን መንደር እናት ልጇ መቼ እንደ ተወለደ ብትጠየቅ «በዘመነ ማርቆስ፣ በጥምቀት ማግስት» ትላለች። አነጋገሯ የተከበረ ነው፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመለስ ዘመን ግን በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ አያገለግልም። ወረቀት የሌለው ልጅ ሁለት አደጋ ያገኘዋል፦ ወይ በእውነተኛ ዕድሜው ሳለ በጥርጣሬ ይመለሳል፣ ወይ ዕድሜውን የሚቀንስለት ሰው እጅ ይወድቃል። ዕድሜ የተቀነሰለት የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ሲያሸንፍ የተሰረቀው የውጭ አገር ሯጭ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ተራ የሚጠብቀው የአሥራ ሰባት ዓመቱ የዳባት ልጅም ተሰርቋል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሕግ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት የተመዘገበ ሕፃን 16 ዓመት የሚሞላው በ2024 ዓ.ም. ይሆናል። እስከዚያ የትምህርት ቤት መዝገብ በእውነት ይጻፍ።

ከመካከላችን «ድሃ ልጅ መጀመሪያ ይማር፤ ሩጫ የትም አያደርሰውም» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከሺህ ሯጮች ሻምፒዮን የሚሆነው ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። ስለዚህም ነው ሩጫው ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ የምለው። ትምህርቱን ጥሎ ለሩጫ ከተማ የገባ ልጅ ጉልበቱ በተጎዳ ዕለት ሁለቱንም ያጣል፤ በትምህርት ቤቱ ሜዳ የሚሮጥ ግን ባይቀድምም ተማሪ ሆኖ ይቀራል። በቆጂም ኢቴንም የጀመሩት ከትምህርት ቤት ደጃፍ መሆኑን አንርሳ።

እንግዲህ እኛስ? በ1950ዎቹ ማብቂያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዓመት ሙሉ ወደ ገጠር ወርደው ያስተምሩ ነበር። እኛ ዓመት ባንችል ክረምት አለን። ከስሜንና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች ለእረፍት ስንመለስ ሦስት ነገር ማድረግ እንችላለን፦ ሜዳ በገመድ ለክተን 400 ሜትር ማስመር፤ በየትምህርት ቤቱ ውድድር አዘጋጅተን የልጁን ስም፣ እውነተኛ ዕድሜና ሰዓት በደብተር መጻፍ፤ የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት እንዳይወሰድ ከወላጆች ጋር ሆነን ርእሰ መምህሩን መጠየቅ። ለዚህ ገመድ፣ ሰዓትና ደብተር ይበቃል። የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ያድርገው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ተራራውን እግዚአብሔር ሰጥቶናል። የቀረው የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ደግሞ እኛ ነን።